ህንዳዊቷን መምህርት ሐረርን እንዴት ላሳያት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት ነኝ። ዘንድሮ እንግሊዝኛ የምታስተምር ህንዳዊት መምህርት መጥታልናለች። አገሯ ኬረላ ነው። ሳቢያን ቤት ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። ሙቀቱ አላስቸገራትም፣ ልጆቹም ይወዷታል። ግን ኑሮዋ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት ነው። ባለፈው ሻይ ስንጠጣ «እዚህ አቅራቢያ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሐረር እወስድሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። እኔ ራሴ ሐረርን የማውቃት ለሰርግና ለለቅሶ ስሄድ ነው። ያለን ጊዜ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ሐረርን፣ ሐረማያን፣ ባቢሌንና ድሬን ራሷን ማዳረስ እንችላለን? ስጋ ጨርሶ አትበላም፤ ምን ላብላት? የጅቡን ትርኢት ማየት ትፈልጋለች፣ ግን ትፈራለች። ደግሞ «የራሴን እከፍላለሁ» ትላለች፤ እኔ እንግዳ ሲከፍል ማየት አልወድም። ምን ይመክሩኛል?
መምህርቷ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። አገሩን ጥሎ ሄዶ ለሚያስተምር ሰው ከሰኞ እስከ አርብ ያለው ቀን አይከብድም። ተማሪ አለ፣ ደወል አለ፣ የሚታረም ደብተር አለ። የሚከብደው ቅዳሜ ነው። አንቺ ያንን ቅዳሜ አስበሽላታል።

ይህን የምለው እንዲሁ አይደለም። እዚያው ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ስናድግ እንግሊዝኛ ያስተማሩን ህንዳዊ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ብዙ ትምህርት ቤቶች ህንዳውያን መምህራን ነበሯቸው። የእኛው ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ቅዳሜ ከሥራ ሲመለስ መስኮታቸው ላይ ቆመው መንገዱን ሲያዩ ያገኛቸዋል። አንድ ቅዳሜ «ኑ እንሂድ» አለና ሐረር ይዟቸው ወጣ። ሰኞ ክፍል ሲገቡ የኃላፊ ጊዜ ግሥ ያስተማሩን በዚያ ጉዞ ነው። ሰሌዳው ሙሉ «ሄድኩ፣ አየሁ፣ ጠጣሁ፣ በረደኝ» ሆነ። እኛ ደግሞ «ከዚያስ? ከዚያስ?» እያልን በእንግሊዝኛ ስንጠይቅ ደወሉ ተደወለ። ያን ቀን የተማርኩትን ግሥ ዛሬም አልረሳሁትም።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። አራቱን ቦታ በሁለት ቀን አትሞክሪው። «አዳርሳችኋለሁ» የሚል ሹፌር አይጠፋም፤ ያደርሳችኋልም። ግን እንግዳሽ የምታየው የመኪና መስኮት ብቻ ይሆናል። እኔ የምልሽ አንድ ነገር ነው፦ ሐረር እደሩ። ድሬዎች ሐረርን ደርሶ መልስ አድርገናታል። ረፋድ ላይ ደርሰን፣ ምሳ በልተን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁልቁል። በግንብ የተከበበችው አሮጌዋ ከተማ፣ ጀጎል፣ ግን የምታምረው ሲመሽና ሲነጋ ነው። ሁለቱም ደርሶ መልስ ለሚሄድ ሰው አይገኙም። አንድ ሌሊት ብቻ ጨምሪ፣ ጉዞው ሌላ ጉዞ ይሆናል።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ድረሱ። ሚኒባስ ሞልቶ ነው የሚነሳ፤ ቀደም ያለ የመስኮት ወንበር ያገኛል። እሷን መስኮት ጋ አስቀምጫት። ርቀቱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን የመንገዱ ዋናው ነገር ዳገቱ ነው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ደንገጎን ስትወጡ መኪናው እየተጠማዘዘ ያቃስታል፣ ድሬ ከታች እየጠበበች ትሄዳለች፣ በመስኮት የሚገባው ንፋስ ይቀየራል። ድሬን የፈጠራት ይህ ዳገት መሆኑን እዚያው ላይ ንገሪያት። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ተራራውን መውጣት ስለከበደ ሐዲዱ ከሥር ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። እንግዳሽ የምታስተምርበት ከተማ የተወለደው እንዲህ ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ከመስማት ዳገቱ ላይ ሆኖ መስማት ይሻላል።

ለሐረማያ ተብሎ መውረድ አያስፈልግም። መንገዱ በአጠገቡ ያልፋል። ሐይቁ ደርቆ ሜዳ ሆኖ እንደነበርና በኋላ ውሃው እንደተመለሰ ንገሪያት፣ ከመስኮት ታየዋለች። አወዳይም እንደዚያው። የጫት ገበያው ግርግር በራሱ ትዕይንት ነው። ሁሉም የሚሮጥበትን ምክንያት ከጠየቀችሽ መልሱ ቀላል ነው፤ ጫት ቶሎ ይጠወልጋል፣ ሳይጠወልግ ጅቡቲና ሶማሊያ መድረስ አለበት። ፎቶ ግን እዚያ አታንሱ።

ሐረር ስትደርሱ ማረፊያችሁን ጀጎል ውስጥ አድርጉ። ከግንቡ ውጭ ዘመናዊ ሆቴል አለ፣ ሻወሩም ሳይሻል አይቀርም። ነገር ግን የሐረሪ ቤታቸውን ለእንግዳ ያዘጋጁ ቤተሰቦች ስላሉ በስልክ አስቀድመሽ አልጋ ያዢ። ጫማችሁን በር ላይ አውልቃችሁ ትገባላችሁ። ፊት ለፊታችሁ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ የሚሄደው መቀመጫ ነደባ ይባላል። ቁጥሩ አምስት ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥም ድሮውኑ የተወሰነ ነው። የቤቱ ባለቤት ቦታ አለ፣ የሽማግሌ ቦታ አለ፣ የወጣት ቦታ አለ። እንግዳሽ ሮጣ ከፍ ያለው ላይ እንዳትወጣ፣ እመቤቲቱ እስክታስቀምጣት ቆም ትበል። ነደባው ቀይ ቀለም ይቀባል። በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ላይ የወደቁት የሚታሰቡበት ነው ይላሉ ሐረሪዎች። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሰፌዶች ደግሞ ቀረብ ብላችሁ እዩዋቸው። እያንዳንዷ ስፌት በእጅ ነው፣ ጥለቱ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። አንዱን ለመጨረስ ወራት የሚወስድ አለ። ዋጋው ውድ ነው ብላችሁ ከመከራከራችሁ በፊት ይህን አስቡ።

መሪ ያዙ። የከተማዋ ልጅ፣ ፈቃድ ያለው ይሁን፤ ሒሳቡንም ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። «እኔ አማርኛ ስለምችል አያስፈልገንም» እንዳትዪ። ጀጎል ውስጥ 82 መስጊድ አለ፤ አንዳንዱ ከአንድ ቤት ሳሎን የማይበልጥ ስለሆነ ሳታዩት ታልፉታላችሁ። ሰው ጠይቆ በር የሚያስከፍትላችሁም መሪው ነው። አምስቱን የጥንት በሮች ሁሉ ካላየን ብላችሁ ደግሞ እግራችሁን አታሰቃዩ። ከፈረስ መጋላ ተነስታችሁ በማኪና ግርግር ውረዱ። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ በግራና በቀኝ ልብስ ሰፊዎች የእግር መኪናቸውን ይረግጣሉ። ጨርቅ ገዝታ እዚያው ብትሰጥ ማታ ትወስደዋለች። ሴት መምህር በዚህ የማትደሰት አላየሁም። ከዚያ ግድር መጋላ፣ ቅመምና አትክልት፣ ጣሪያው ላይ ስጋ የሚጠብቁ ጭልፊቶች።

አሁን ልነግርሽ የጓጓሁት ነገር ላይ ደረስኩ። ራስ ተፈሪ ቤት ውሰጃት። ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም ነው። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው ለዓመታት የሰበሰቡት የእጅ ጽሑፍ፣ የሐረር ሳንቲም፣ ጎራዴ፣ ጌጣጌጥና የድሮ የዘፈን ቅጂ እዚያ ይገኛል። ሐረር የራሷን ገንዘብ ታትም እንደነበር በዓይኗ ታያለች። ግን ከመግባታችሁ በፊት በሩ ሥር አቁሚያት። ምንም አትንገሪያት፣ «ቀና በይ» ብቻ በያት። ቤቱን የሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው። ከበሩ በላይ እንጨቱ ላይ ጋኔሽ ተቀርጿል፣ የዝሆን ራስ ያለው የህንዶች አምላክ። ከአገሯ ይህን ያህል ርቃ መጥታ፣ በሙስሊሞቹ ከተማ እምብርት፣ በክርስቲያን መስፍን ስም በሚጠራ ቤት በር ላይ የእናቷን ቤት ምስል ታገኛለች። ሃይማኖቷ ሌላ ቢሆን እንኳ ምስሉን የማያውቅ ህንዳዊ የለም። እዚህች አገር የመጀመሪያዋ እንዳልሆነች ይህን ያህል የሚነግራት ነገር ሐረር ውስጥ አላውቅም። በዚያ ዘመን ህንዶች፣ አረቦች፣ አርመኖችና ግሪኮች እዚህ ሱቅ ከፍተው ይነግዱ ነበር። ፈረስ መጋላ አካባቢ የእንጨት ሰገነት ያላቸውን ፎቅ ቤቶች ስታዪ የእነሱን እጅ ታገኛለሽ።

የራምቦ ቤትም የህንዳዊ ነጋዴ ሥራ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው፤ ግጥሙን ትቶ ቡናና ቆዳ ሲነግድ ቆይቶ በ1891 አገሩ ሞተ። ቤቱ የተሠራው ከእሱ በኋላ ስለሆነ «እዚህ ይኖር ነበር» ብለሽ አትንገሪያት። የቋንቋ መምህርት ናት፣ ነገ አንብባ ትደርስበታለች። ቢሆንም ግቡ። ባለቀለም መስታወቶቹና ሥዕል ያለበት ጣሪያ ያምራሉ። ራምቦ ራሱ ያነሳቸው የድሮ ሐረር ፎቶዎች አሉ፣ ከላይ ደግሞ ጀጎል ወለል ብላ ትታያለች። ሙዚየሞቹ ለምሳ ስለሚዘጉ ሁለቱንም ከምሳ በፊት ጨርሱ። ለውጭ ዜጋ የመግቢያው ዋጋ ከእኛ እንደሚለይም አስቀድመሽ ንገሪያት፤ በር ላይ ስትሰማው ቅር እንዳይላት።

ምግቡ ይህን ያህል አያሳስብሽ። ቅዳሜ ስለሆነ «የጾም አለ?» ብለሽ ስትጠይቂ «የለም» የሚልሽ ቤት ይበዛል። ስለዚህ በስሙ ጠይቂ። ፉል አለ፣ ሽሮ አለ፣ የምስር ሳምቡሳ አለ። ሐረር ላይ ሳምቡሳ የምስርም የስጋም ስላለ ሳትነክሺ ጠይቂ። ፈጢራ በማር ደግሞ ለቁርስ የሚወዳደረው የለም፤ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል ስለሚገባበት እንቁላል ትበላ እንደሆነ አስቀድመሽ እወቂ። ወጡ በመረቅ አለመሠራቱንም አረጋግጪ። «ስጋ የለውም» ሲሉ ብዙ ጊዜ ቁራጭ የለውም ማለታቸው ነው። በርበሬው አያስፈራትም፣ ከእኛ ብትብስ እንጂ። ከምሳ በኋላ ቡና፤ የሐረር ቡና የገባው ሰው ሌላ ቡና አያስጎመጀውም። ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢም አንድ ቤት ካገኛችሁ አቅምሻት። ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል ተኙ። ከሰዓት በኋላ ከተማው ራሱ በርጫ ላይ፣ ማለትም ጫት እየቃመ ነው፣ እናንተም እረፉ።

ጅቡን በተመለከተ አታስገድጃት፣ አታስቀሪያትም። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ከግንቡ ውጭ ይመገባሉ። ሰውየው በየስማቸው ይጠራቸዋል። መጀመሪያ ዓይናቸው ጨለማው ውስጥ ያበራል፣ ቀጥሎ ያ ዝቅ ያለ ወገባቸው እየተንጎማለለ ይመጣል። ስጋው በአጭር እንጨት ጫፍ ነው የሚሰጣቸው፤ ጎብኚም ከፈለገ ይይዛል። ስጋ መንካት የማትፈልግ ከሆነ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጣ በመብራቱ ማየት ትችላለች። ያም ማየት ነው። ለትርኢት ብቻ የተፈጠረ እንዳይመስላት ደግሞ የቆየውን ልማድ ንገሪያት። በአሹራ ሐረሪዎች ለጅብ ቅቤ ያለው ገንፎ ያቀርባሉ፣ ጅቡ ጠግቦ ከበላ ዓመቱ ጥጋብ ነው ይላሉ። በግንቡ ሥርም ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ ወራባ ኑዱል ይሏቸዋል። ማታ ገብቶ የተረፈውን ጠራርጎ ይወጣል። ሐረር ከጅብ ጋር የምትኖረው በስምምነት ነው። ይህን የሰማ ሰው ፍርሃቱ ባይጠፋም ይቀንስለታል።

ልጆች ይከተሏችኋል። ፈረንጅ ያዩ እንደሆነ «ፈረንጆ» ይላሉ፤ ለእሷ ግን «ህንድ! ህንድ!» ነው የሚሉት፣ የፊልም ተዋናይ ስምም ይጨምራሉ። እንዳይከፋት፣ ፍቅር ነው። የህንድ ፊልም ሳያይ ያደገ የድሬና የሐረር ልጅ ከየት ይመጣል? ትልልቆቹም ዘፈኑን ሊያዜሙላት ይችላሉ፣ አቦ እሷ ራሷ የማታውቀውን የድሮውን! ቀሚሷ ረዘም ያለ ይሁን፣ ነጠላ ወይም ስካርፍ ትያዝ። ድንጋዩ በእግር ብዛት ስለለሰለሰ ሶሉ የሚይዝ ጫማ ታድርግ። ሹራብም አትርሱ፤ የሐረር ማታ የድሬ ማታ አይደለም። ገበያ ውስጥ ያሉ እናቶችን ሳትጠይቅ ፎቶ እንዳታነሳ። «አይሆንም» ካሉ ፈገግ ብሎ ማለፍ ነው። መጀመሪያ ብርቱካን ገዝታ፣ ሁለት ቃል አማርኛ ተናግራ፣ ከዚያ ብትጠይቅ ግን ብዙዎቹ እሺ ይሏታል። ያንን ሁለት ቃል ማስተማር የአንቺ ሥራ ነው፣ የአማርኛ መምህርት አይደለሽ!

ስለ ክፍያው ያልሽውን በደንብ እረዳዋለሁ። እኛ ቤት እንግዳ ኪሱ ሲገባ ደማችን ይፈላል። ግን እሷን አስቢያት። ደሞዝተኛ ናት፣ ትልቅ ሰው ናት፣ ከአንቺ ጋር ባልደረባ ናት። ሁሉን ከከፈልሽ ሁለተኛ «እንሂድ» ለማለት ትፈራለች። የሚኒባሱንና የቅዳሜን ምሳ አንቺ ክፈዪ፣ እንግዳ ናትና። አልጋውን እኩል ተካፈሉ። የእሁድን ቁርስና ቡናውን እሷ ትጋብዝ፣ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብለሽ ተቀበዪ። መቀበልም መስጠት ነው፤ ጓደኝነት በአንድ ወገን አይቆምም። ሰው ፊት ሒሳብ ላይ እጅ ለእጅ መጓተቱ ደግሞ ይቅር፣ ለእኛ ጨዋነት ነው፣ እሷን ግን ያሳፍራታል።

እሁድ በጠዋት፣ ሱቁ ሳይከፈት፣ መሪውን ሳትይዙ ለራሳችሁ ውጡ። ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ የተቀቡት ግድግዳዎች ላይ የመጀመሪያው ፀሐይ ሲያርፍ መንገዱ የእናንተ ብቻ ነው። እንጀራ የያዙ ሴቶች፣ መስጊድ ደርሰው የሚመለሱ ሽማግሌዎች፣ ከመድኃኔዓለም የሚሰማ ቅዳሴ። እዚያው ሸዋ በር አካባቢ ቁርስ ብሉ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበችው ለግንቡ ብቻ አይደለም፤ ሰው ዛሬም ስለሚኖርባት ነው። ጠዋት ላይ ያ ይታያል።

ከቀትር በኋላ ተመለሱ። ለድሬ ብለሽ ሌላ ቀን አትፈልጊ፤ ፀሐይ ስትበርድ 10 ሰዓት ላይ ከዚራ ለገሃር ውሰጃት። የድሮው ጣቢያ በር ላይ ጥበቃውን በትሕትና አነጋግሪ፣ ሲፈቀድ የጥገና ክፍሉን ያስጎበኛሉ። አባቴ ሙሉ ዕድሜውን የሠራው እዚያ ነው፤ በፈረንሳይኛ ነበር መሣሪያውን የሚጠራው፣ ባልደረቦቹም እንደዚሁ። ሐዲዱ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ጠባብ ሐዲድ ነው። ያንን ቅዳሜ ጠዋት የወጣችሁትን ዳገት ያልወጣው ባቡር የቆመው እዚህ እንደሆነ ስታይ፣ ሁለቱ ከተሞች በጭንቅላቷ ውስጥ ይገጣጠማሉ። ከዚያ በዛፎቹ ጥላ ወደ ቤት።

አንድ የማልደራደርበት ነገር፦ ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሹፌሮቹን ጠይቂ፣ ሲመሽም ጉዞ አትጀምሩ። መታወቂያሽን ያዢ፣ እሷም ፓስፖርቷን ወይም የመኖሪያ ፈቃዷን ትያዝ፤ ኬላ ላይ ይጠየቃል።

ባቢሌን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ከሐረር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በጅጅጋ መንገድ ነው፤ ዳካታ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ የቆሙትን አለቶች እየቆሙ ማየት ይፈልጋል፣ የግመል ገበያውም የራሱ ቀን አለው። የሴሚስተር እረፍት ሲደርስ ጻፊልኝ፣ ያንን መንገድ ለብቻው እነግርሻለሁ። ኦቾሎኒውን ግን ከሐረርም ታገኙታላችሁ፣ ለሰኞ ለመምህራን ክፍል ይሆናል።